የአሜሪካን ታላቁን ሜዳ ለልጆች ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ልጆቻቸው አሜሪካ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወላጆችና ቅዳሜና እሑድ ልጆች የሚያስጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያነሱልኝ ናቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ቅሬታ ይነሳሉ፤ «ሜዳ ነው እኮ! ምን አለውና ነው የሚማሩት?» ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታላቁ ሜዳ የሚባለው ከየት እስከ የት ነው?

በምዕራብ በኩል ወሰኑ የሮኪ ተራሮች ግርጌ ነው። እዚያ ላይ ክርክር የለም፤ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። በሰሜን ካናዳ ገብቶ አልበርታን፣ ሳስካችዋንንና ማኒቶባን ይይዛል፤ በደቡብ ቴክሳስ ድረስ ይወርዳል። ርዝመቱ 3,200 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ አሥር ስቴቶችን ይነካል፤ ሞንታና፣ ዋዮሚንግ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ደቡብ ዳኮታ፣ ነብራስካ፣ ኮሎራዶ፣ ካንሳስ፣ ኦክላሆማ፣ ኒው ሜክሲኮና ቴክሳስ። አብዛኞቹ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚገቡት። ኮሎራዶን ብትወስዱ ምሥራቋ ሜዳ፣ ምዕራቧ ተራራ ነው።

የሚያስቸግረው የምሥራቁ ወሰን ነው። ሜዳው «እዚህ ጋ አለቀ» የሚባልበት ቦታ የለም። ቀስ በቀስ ዝናቡ ይጨምራል፣ ሣሩ ይረዝማል፣ ዛፉ ይበዛል፤ ካርታ የሚሠሩትም እንደየመለኪያቸው የተለያየ ቦታ ላይ ያሰምራሉ። ይህን ከልጅ መደበቅ አያስፈልግም። ሁለት የማይመሳሰሉ ካርታዎች ጎን ለጎን ዘርጉና «እነዚህ ለምን ተለያዩ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ወሰን ተፈጥሮ ያበጀው፣ አንዳንዱ ሰው የተስማማበት መሆኑ በዚያው ይገባዋል።

ለጥ ያለ መሬት ላይ ምን የሚያስተምር ነገር አለ? ከየትስ ልጀምር?

ለጥ ያለ አለመሆኑን ከማሳየት ጀምሩ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ታላቁ ሜዳ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተጋደመ አንድ ትልቅ ተዳፋት ነው። ዓይን አያየውም፤ ውሃ ግን ያውቀዋል።

ካንሳስን ውሰዱ። በሜዳነቷ የሚቀለድባት እሷ ናት። በ2003 ተመራማሪዎች ለቀልድ ብለው አንድ ፓንኬክ በመሣሪያ ለክተው ከካንሳስ ጋር አወዳድረው ካንሳስ ከፓንኬክ ይልቅ ለጥ ያለች ናት ብለዋል። ነገር ግን በምዕራብ፣ ኮሎራዶ ድንበር አጠገብ ያለው የካንሳስ ከፍተኛ ቦታ (ማውንት ሰንፍላወር ይሉታል፤ ተራራ ግን አይደለም፣ የግጦሽ መሬት ነው) ከባሕር ወለል በላይ 1,231 ሜትር ነው። ዝቅተኛው ቦታ በደቡብ ምሥራቅ፣ የቨርዲግሪስ ወንዝ ወደ ኦክላሆማ የሚሻገርበት ሲሆን 207 ሜትር ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች ከ1,000 ሜትር በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው! በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስቴቶቹን በሙሉ ቆሞ በሚመለከት ሰው ዓይን ለክቶ ካንሳስን ሰባተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጧታል። አንደኛዋ ፍሎሪዳ ናት። ልጆች ይህን ሲሰሙ በጣም ይወዱታል፤ አዋቂ ሁሉ ሲሳሳት እንደኖረ ማወቅ ደስ ይላቸዋል።

ተዳፋቱን የተረዳ ልጅ ሌላውን ሁሉ ራሱ መገመት ይጀምራል። ወንዞቹ ለምን ወደ ምሥራቅ ይፈስሳሉ? ፕላት፣ አርካንሳስ፣ ካናዲያን፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ወርደው በመጨረሻ ሚሲሲፒ ውስጥ ይገባሉ። ስም ከመሸምደዱ በፊት አቅጣጫውን ካወቀ ስሙ በኋላ የሚሰቀልበት ቦታ ያገኛል።

ተዳፋቱን ቤት ውስጥ እንዴት ላሳየው?

ሰፋ ያለ የዳቦ መጋገሪያ ትሪ፣ እርጥብ አሸዋ፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ኩባያ ውሃ። በቃ። አሸዋውን ትሪው ላይ እኩል አንጥፉት። በአንዱ ጫፍ ሥር መጽሐፉን አስገቡ፤ ያ ጫፍ ምዕራብ ነው። እዚያ ጋ አሸዋውን ቆልላችሁ ሮኪ ተራሮችን ሥሩ። ከዚያ ልጁ በማንኪያ፣ ቀስ እያለ፣ ተራራው ላይ ውሃ ያንጠባጥብ።

አትቸኩሉ፤ የሚታየው ነገር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ደቂቃ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ውሃው ተራራውን ይቦረቡራል። ጠባብ ቦይ ይከፍትና አሸዋ ይዞ ይወርዳል። ተራራው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የያዘውን አሸዋ መሸከም ያቅተውና እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይጥለዋል። ቦዩ ይደፈናል፣ ውሃው ጎኑን ሰብሮ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ እዚያም ይጥላል። አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪዬ ይህን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ተራራው እየተነጠፈ ነው» አለች። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም፤ አሁን እኔም እንደዚያው ነው የምለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መጽሐፉ ውሸት ነው። በትክክለኛው መጠን ቢሠራ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ትሪ ላይ የካንሳስ ተዳፋት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አሥር ዓመት ላለፈው ልጅ ይህን ንገሩት፣ ከቻለም ራሱ ያስላው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ጎርበጥ ያሉ ካርታዎች ሁሉ ከፍታን እንደሚያጋንኑ የዚያን ቀን ያውቃል።

ሜዳው እንዴት ተፈጠረ?

ታሪኩ በባሕር ይጀምራል። ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ማብቂያ፣ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ፣ ጥልቀት የሌለው ባሕር ሰሜን አሜሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሁለት ከፍሏት ነበር። የዛሬው ካንሳስ የባሕር ወለል ነበር። ሞዛሶር የሚባሉት ግዙፍ የባሕር ተሳቢ እንስሳት ቅሪት ዛሬ ከምዕራብ ካንሳስ ነጭ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ይወጣል። ስንዴ ማሳ መሐል የባሕር አውሬ! ልጅ በዚህ ካልተማረከ በምንም አይማረክም።

ባሕሩ ሸሸ፤ ሮኪ ተራሮች ወደ ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ትሪው ላይ ያያችሁት ነው። ወንዞች ተራራውን እየሸረሸሩ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ለሚሊዮኖች ዓመታት ወደ ምሥራቅ አነጠፉ። ሰሜኑን ደግሞ የበረዶ ግግር ሄዶበታል፤ ዳኮታዎቹ ውስጥ ከሚዙሪ ወንዝ በስተምሥራቅ ያሉት ትናንሽ ኩሬዎች በአብዛኛው እሱ ጥሎት የሄደው ናቸው።

ወደ ምዕራብ ሲኬድ ዛፉ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ዝናብ ስለሚያንስ ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራሮቹን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡንም በረዶውንም እዚያው ያራግፋል። ወደ ሜዳው የሚወርደው ባዶ እጁን ነው። ሜዳው እርጥበት የሚያገኘው በብዛት ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲሆን ያ እርጥበት ደግሞ ይበልጥ የሚደርሰው ለምሥራቁ ክፍል ነው። ስለዚህ ምሥራቁ ይጠግባል፣ ምዕራቡ ይጠማል።

የዚህ መለያ ተደርጎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 100ኛው ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ነው። ጆን ዌስሊ ፓወል የተባለው አሳሽ በ1878 ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት፣ ከዚህ መስመር አካባቢ ወደ ምዕራብ ያለው መሬት በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ20 ኢንች (500 ሚሊ ሜትር ገደማ) በታች በመሆኑ ያለ መስኖ እርሻ አያስተማምንም ብሎ አስጠነቀቀ። ሰሚ አላገኘም። ያልተሰማው ምክር ምን እንዳስከተለ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ልጁ ካርታው ላይ መስመሩን በጣቱ ይከተል፤ ዳኮታዎቹን፣ ነብራስካን፣ ካንሳስን ሰንጥቆ ያልፋል። ካንሳስ ውስጥ ዶጅ ሲቲ፣ ነብራስካ ውስጥ ኮዛድ መስመሩ ላይ ሊባል በሚችል ቦታ ተቀምጠዋል። ከዚያ ሦስት ቀለም እርሳስ ስጡት። ምሥራቁ የረጅም ሣር አገር ነው፤ ቢግ ብሉስተም የሚባለው ሣር ከሰው ቁመት ይበልጣል። መሐሉ ድብልቅ ነው። ምዕራቡ የአጭር ሣር አገር ነው፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው። እኔ የሣሩን ቁመት በልጁ ሰውነት ላይ ነው የማሳየው። ቁርጭምጭሚት ኮሎራዶ፣ ጉልበትና ወገብ መካከለኛው ካንሳስ፣ ከራስ በላይ ምሥራቅ ካንሳስ። ልጁ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲራመድ እጁ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እንደ ጨዋታ ነው የሚመስለው፤ በዓመቱ ሲጠየቅ ግን ያስታውሰዋል።

ከረጅሙ ሣር የተረፈው ከ4 በመቶ በታች ነው፤ ሌላው ታርሷል። የተረፈው በብዛት ያለው ምሥራቅ ካንሳስ፣ ፍሊንት ሂልስ የሚባለው ኮረብታማ አካባቢ ነው። ያዳነው የማንም ደግነት አልነበረም፤ አፈሩ ሥር ያለው ድንጋይ ማረሻ አላስገባ ብሎ ነው። ከ1996 ጀምሮ ከፊሉ በብሔራዊ ጥብቅ ቦታነት ተይዟል።

ሜዳው ላይ ምንም ተራራ የለም?

አለ። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ብላክ ሂልስ ከሜዳው መሐል ብድግ ብሎ ከ2,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ነብራስካ ውስጥ ደግሞ ሳንድሂልስ አለ፤ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የአሸዋ ክምር፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ትልቁ፣ ላዩ በሙሉ ሣር የለበሰ። ሣሩ ቢነሳ አሸዋው ይሄዳል። ሣር ሥራው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከአውሮፕላን የሚታዩት አራት ማዕዘኖችና ክቦች ምንድን ናቸው?

ይህን ጥያቄ ከወላጅ ይልቅ ልጅ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱም ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው።

አራት ማዕዘኑ የሕግ ውጤት ነው። በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ ያልተከፋፈለው መሬት ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆኑ ካሬዎች እንዲሸነሸን፣ እያንዳንዱም አንድ ካሬ ማይል በሆኑ 36 ክፍሎች እንዲከፈል አዘዘ። ሜዳው ላይ መንገዱ በየማይሉ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ደግሞ ከነዚያ ክፍሎች የአንዱን ሩብ፣ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ)፣ አምስት ዓመት ለኖረበትና ላለማው ሰው ሰጠ። ታዲያ 160 ኤከር ዝናብ ባለበት ምሥራቅ ቤተሰብ ያኖራል፤ ከ100ኛው ዲግሪ ወዲያ ግን አይበቃም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ተዳፋቱንም ሣሩንም አላዩትም።

ክቡ የውሃ ታሪክ ነው። ሜዳው ሥር ኦጋላላ የሚባል ግዙፍ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በስምንት ስቴቶች ሥር 450,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የተቀመጠው ደግሞ በአብዛኛው ወንዞቹ ከተራራው አምጥተው ባነጠፉት ጠጠርና አሸዋ ውስጥ ነው፤ ትሪው ላይ ያለውን እርጥብ አሸዋ አስቡት። ፍራንክ ዛይባክ የተባለ ገበሬ በ1952 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ከመሐል ጉድጓድ ውሃ እየሳበ፣ በጎማ ላይ የቆመውን ረጅም ቧንቧ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዙሪያውን ያዞራል። ክቡ የሚሠራው በዚህ ነው። ክቡ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ልክ የሚገጥመው በዚያው በ160 ኤከሩ ሽንሸና ላይ ስለተተከለ ነው፤ የ1785ን ካሬ የ1952 ክብ ሞላው። ማዕዘኖቹ ደርቀው ይቀራሉ።

ልጁ «ውሃው አያልቅም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በብዙ ቦታ፣ በተለይ በምዕራብ ካንሳስና በቴክሳስ፣ የሚቀዳው ዝናብ ከሚተካው እጅግ ይበልጣል፤ አንዳንድ ጉድጓዶችም ደርቀዋል። እንዲህ ብላችሁ ንገሩት፤ አታቃልሉት።

ስለ ነባሮቹ ሕዝቦች መቼና እንዴት ላንሳ?

መጀመሪያውኑ። ካርታው ከመዘርጋቱ ጋር። መጨረሻ ላይ «ድሮ እነ እገሌ ይኖሩ ነበር» ተብሎ ሲጨመር ልጁ ሰዎቹ የሌሉ ይመስለዋል። ላኮታ፣ ሻያን፣ አራፓሆ፣ ኮማንቼ፣ ካዮዋ፣ ፓኒ፣ ክሮው፣ ኦሴጅ፣ ማንዳን፣ ሂዳትሳ፣ ሁሉም ዛሬም አሉ። በ1868 የተፈረመው የፎርት ላራሚ ስምምነት ብላክ ሂልስን ለላኮታ አረጋግጦ ነበር፤ ወርቅ ሲገኝ ፈረሰ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ፈረደ፤ እነሱም መሬቱን እንጂ ገንዘቡን አንፈልግም ብለው አልተቀበሉም። ይህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የማይከብድ፣ ጥሩ ክርክር የሚያስነሳ ጉዳይ ነው።

የድንኳኑንና የፈረሱን ሥዕል ብቻ ይዞ እንዳይቀር ተጠንቀቁ። ፈረስ ስፔናውያን ያመጡት ነው፤ ከዚያ በፊት ሜዳው ላይ በፈረስ የሚያድን አልነበረም። ማንዳንና ሂዳትሳ ደግሞ በሚዙሪ ዳር በአፈር የተሸፈኑ ትላልቅ ክብ ቤቶች ሠርተው በቆሎ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ።

የቦታ ስሞቹ ራሳቸው ትምህርት ናቸው። ነብራስካ በኦቶ ሕዝብ ቋንቋ «ጠፍጣፋ ውሃ» ማለት ነው፤ ስሙ የወንዙ ነበር። ፈረንሳዮች መጡና ያንኑ ወንዝ በቋንቋቸው ፕላት፣ ማለትም ጠፍጣፋ አሉት። ወንዙ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ በአሸዋ ደሴቶች የተከፋፈለ ነው። ለምን ጠፍጣፋ እንደሆነ ትሪውን ያየ ልጅ አይጠፋውም። በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሳንድሂል ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ወፎች እዚያ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ።

ስለ ጎሾቹም ይነሳል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩት የአሜሪካ ጎሾች በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ሺህ እንኳ አልቀሩም ነበር። ባቡርና የቆዳ ንግድ ፈጃቸው፤ ጎሹ ሲያልቅ በጎሹ የሚኖረው ሕዝብ እንደሚንበረከክ ያወቁ ሹማምንትም ፍጅቱን ደግፈዋል። ትንሽ ልጅ ካለ ሁለተኛውን ክፍል አቆዩለት።

ለጥቁር ልጆቻችን የሚሆን ታሪክ አለ?

አለ። ኒቆዲሞስ የምትባል የካንሳስ መንደር (ኒኮዲመስ ይሏታል) በ1877 ከባርነት የወጡ ሰዎች ከኬንታኪ መጥተው የመሠረቷት ናት። መጀመሪያ ሲደርሱ እንጨት የለም፤ ስለዚህ መሬት ቆፍረው ገቡ። ዛፍ በሌለበት አገር ቤት በምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው፤ በመሬቱ ውስጥ፣ ወይም ከነሥሩ በተቆረጠ የሣር ጡብ። ዛሬ ብሔራዊ የታሪክ ቦታ ናት።

የ1930ዎቹን የአቧራ ዘመን ሳላስፈራ እንዴት ላስረዳ?

ዘርፈ ብዙ ታሪክ ነው፤ ልጅ የሚይዘው ግን ሥሩን ሲያይ ነው። የሜዳ ሣር ከመሬት በላይ ካለው ከመሬት በታች ያለው ይበልጣል፤ የቢግ ብሉስተም ሥር እስከ ሦስት ሜትር ይወርዳል። ሥሩ አፈሩን አቅፎ ይዟል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲወደድ ምዕራቡ፣ ፓወል አትመኑት ያለው አገር፣ በትራክተር ተገለበጠ። በ1930ዎቹ ድርቅ መጣ። ስንዴው አልበቀለም፣ ሣሩ የለም፣ ነፋሱ ግን እንደ ድሮው ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሳው የአቧራ ግድግዳ ቀኑን እንደ ሌሊት ስላጨለመው «ጥቁር እሑድ» ተባለ። በዚያው ወር መንግሥት የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ 220 ሚሊዮን ገደማ ዛፎች ለነፋስ መከላከያ ተተከሉ። በመኪና ስትሄዱ ማሳ ዳር በሰልፍ የቆሙ ያረጁ ዛፎች ካያችሁ ከነዚያ የተረፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማሳያው ቀላል ነው። አንድ ሳህን ደረቅ አፈር፣ አንድ ሳህን ከነአፈሩ የተነቀለ ሣር፤ ልጁ መነጽር አድርጎ፣ ውጭ፣ በመጠጫ ቀሰም ይንፋባቸው። ውጭ ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ አንዴ ሳሎን ውስጥ አድርጌው ምንጣፉ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ልጄ ቶርኔዶ ይፈራል። ልዝለለው?

አትዝለሉት፤ የሚያውቁት ነገር ያነሰ ያስፈራል። ከባሕረ ሰላጤው ሞቃትና እርጥብ አየር፣ ከምዕራብ ደረቅ አየር፣ ከላይ ቀዝቃዛና ፈጣን ነፋስ ይመጣል፤ የሚያግድ ተራራ ስለሌለ ሜዳው ላይ ይገናኛሉ። ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። አየሩ በሌላም ወቅት ይቀልዳል፤ ጥር 22 ቀን 1943 ስፒርፊሽ፣ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ሙቀቱ በሁለት ደቂቃ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወደ 7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ዘልሏል።

ሁለት ቃላት ወላጆችም ይለዩ። «ቶርኔዶ ዋች» ሲባል ሊነሳ ይችላል፣ ተዘጋጁ ነው። «ዋርኒንግ» ሲባል ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ወጥቷል፣ አሁኑኑ ግቡ ነው። የሚገባውም ወደ ቤዝመንት፣ ከሌለ ወደ ታችኛው ፎቅ መሐል፣ መስኮት ወደሌለው ክፍል ነው። ልጁ ራሱ የቤታችሁን ፕላን ይሣልና ቦታውን ቀለም ይቀባ። ሥዕሉን የሠራ ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ካርታ መሥራትም ተማረ።

በአማርኛ ላስተምረው ወይስ በእንግሊዝኛ?

በሁለቱም፤ ነገር ግን ሐሳቡ መጀመሪያ በአማርኛ ይግባው። ተዳፋት፣ ገባር ወንዝ፣ ደለል፣ የአፈር መሸርሸር፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ኬንትሮስ፤ እነዚህ በእጅ እየተነኩ የሚማሩ ቃላት ናቸው። ትሪው ላይ «ደለል ጣለ» ያለ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ክፍል ሲሰማ የሚለጥፍበት አለው። ፕሬሪን (ሣር የለበሰውን አገር) ግን ፕሬሪ በሉት። «ሜዳ» ካላችሁት ለመሬቱ አቀማመጥ የተጠቀማችሁበትን ቃል ለሣሩም ትሰጡትና ሁለቱ ይደባለቁበታል።

ሜትር ወይስ ጫማ?

ትምህርት ቤት በሚጠቀሙበት። ማይልና ጫማ ይሁን፤ የመሬቱ ሽንሸና ራሱ በማይል ስለሆነ በኪሎ ሜትር ውበቱ ይጠፋል።

የስቴቶቹን ዋና ከተሞች ማሸምደድ አለብኝ?

ፈተና ካለበት አዎ። ከሌለበት ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ሜዳውን በመኪና ስናቋርጥ ልጆች ይሰለቻሉ። ምን ላሳያቸው?

ስልክ ላይ ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ አውርዱና ለልጁ ስጡት። ከካንሳስ ሲቲ ወደ ዴንቨር የሚወስደው ኢንተርስቴት 70፣ 600 ማይል ያህል ነው። በየሃምሳ ማይሉ ቁጥሩን ይጻፍ፤ ከጎኑም ምን እንደሚያይ፣ ዛፍ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ የእህል ማከማቻ ማማ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ ከብት ብሎ ያስፍር። በነብራስካ በኩል በኢንተርስቴት 80 ከሄዳችሁ ደግሞ ብዙውን መንገድ የፕላትን ሸለቆ ትከተላላችሁ። ድሮ ወደ ምዕራብ ይፈልሱ የነበሩት ሰፋሪዎች የሄዱበት የኦሪገን መንገድ ጋሪዎችም፣ የዩኒየን ፓሲፊክ ባቡርም የመረጡት እሱን ነው። ሁሉም ያንኑ ተዳፋት ነው ያነበቡት።

በበጋ ከሆነ ኮምባይነር የጫኑ ትላልቅ መኪኖች ፈልጉ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ስንዴ እያጨዱ የሚሄዱ ቡድኖች አሉ፤ ቴክሳስ ውስጥ በበጋው መግቢያ ጀምረው ስንዴው በደረሰበት ተከትለው ወሩን እየቆጠሩ እስከ ሞንታናና ሰሜን ዳኮታ ይወጣሉ። ኬክሮስ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ከፍታውን ሲጽፍ የነበረው ልጄ ካንሳስን አልፈን ኮሎራዶ ውስጥ ላይመን ከተማ ስንደርስ 5,377 ጫማ የሚል ምልክት አየ። ዴንቨር ስንገባ ግን ያነበበው 5,280 ነበር። «አባዬ፣ ወርደናል እኮ፤ ተዳፋቱ ወደ ምሥራቅ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለ። ልክ ነበር። ተራራው ሥር ሳውዝ ፕላት ወንዝና ገባሮቹ ድሮ የተነጠፈውን መልሰው ጠርገው ወስደውታል፤ ዴንቨር የተቀመጠችው በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ቤት እንደተመለስን ትሪውን አወጣና መጽሐፉ ያለበት ጫፍ፣ ልክ የተራራው ግርጌ ጋ፣ በጣቱ ቦይ ቆፈረ።